ጠጉር ያበቀለው ማጣሪያ

ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለቃለ አብ ማኅደረማርያም፤

ከሁሉ አስቀድሞ ባለህበት ጤና ይስጥህ። እኔና እትዬህ አመተ ማርያም፣ የአባቶችህ አምላክ ይመስገን፣ ክረምቱን ጉልበታችን ሳይከዳን ተሻግረናል። አዲሱን ዘመን የሰላምና የሥራ ያድርግልህ። ይህን ደብዳቤ እንደ ልማዴ በወረቀት ጽፌ ለአክስትህ ልጅ ለሮዳስ እሰጣታለሁ። እዚህ ኢንተርኔት እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሥራዋ ፈቃድ አግኝታ አዲስ አበባ ስትወርድ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ቢዘገይብህ አትደንግጥ።

ሁለት ጉዳይ አለኝ። አንደኛው የሁለተኛው ምክንያት ስለሆነ በቅደም ተከተል አንብባቸው።

የእናትህን የአልታየችን ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ ሰው ግን የምታውቀው በድምፁ ነው። በጳጉሜን አሊዩ አምባ ወርጄ ደጃፏ ስቆም «ማነው?» አለችኝ። ስናገር ደነገጠችና «ውይ ጋሼ፣ ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ? ድምፅዎ ተለወጠብኝ እኮ» ብላ ልታስረሳኝ ሞከረች። ጉንፋን አልያዘኝም። ውሃ የምትቀዳላትም እሳት የምታነድላትም ጎረቤቷ ወይዘሮ ሐሊማ መሆኗን ኋላ ሰማሁ። እናትህ ይህን እንዳልነግርህ ለምናኛለች፤ ካወቅህ የመኖሪያ ወረቀትህን ጉዳይ ጥለህ ትመጣለህ ብላ ትፈራለች። ልመናዋን ሰማሁ እንጂ አልማልኩላትም። አንተ ግን ስትደውልላት እንዳላወቅህ ሁን።

ሕመሙ የሚድን ነው። በኅዳር አጋማሽ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ደብረ ብርሃን ይመጣሉ፤ ስሟን አስመዝግቤያለሁ። ችግሩ አመጣጧ ነው። «ሚኒባስ አልሳፈርም» አለች። «ገበያ መሀል እጄን ተይዤ ስሳፈር ያየ ሁሉ ለልጄ ይደውልለታል። በባሌ መኪና ከሆነ ግን፣ አልታየች ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች ይባላል፤ በቃ።» ሌላ መኪና ልኮናተርልሽ ብላት «የማን መኪና ነው፣ ለምን መጣ ይሉኛል» አለችኝ። ከዚህ አላልፍም አለች።

ሁለተኛው ጉዳይ እንግዲህ ያቺው መኪና ናት። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባለፈው ዓመት ካረፈ ጀምሮ እኔ ግቢ ቆማለች። ናፍጣ ናት፣ ባለ ቱርቦ፤ በዕድሜ ካንተ ትበልጣለች። በሜዳው ጫጫ ደርሳ ስትመለስ ምንም አትል። ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር ሽቅብ ስትወጣ ግን ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ከጎረቤላ በታች ያለው ጠመዝማዛ ላይ በአንደኛ ማርሽ እንኳ አቃታት። ያን ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሰው ይዤ አልሞክረውም።

ሞተር ናፍጣ የሚያቃጥለው በአየር ነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ያስገባል፤ ሊያምቅ የሚችለው ግን የደረሰውን ብቻ ነው። የአየር ማጣሪያው ሣጥን ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ወደ ቱርቦው የሚወስደው የጎማ ቱቦም አርጅቶ፣ ሞተሩ አየር ሲስብ እንደ ሽማግሌ ጉንጭ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። መካኒኩ ኃይለኢየሱስ ሁሉንም ፈትሾ «መምህር፣ ሌላው ደህና ነው፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው» አለኝ። አንተ የምትሠራው አሮጌ መኪና የሚፈታበት ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ ከቀድሞው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሣጥንና ቱቦ ፈልግልኝ። ልኩን በሌላ ወረቀት ሥዬልሃለሁ።

የመኖሪያ ወረቀትህ ምን ላይ እንደ ደረሰም ጻፍልኝ።

አጎትህ ገብረ ጻድቅ


ጎተንበርግ፣ መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ገብረ ጻድቅ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ለእትዬም እንዲሁ። ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩት፤ ከዚያ በኋላ የፈታሁትን መኪና መልሼ ስገጥም አለቃዬ ደርሶ አስቆመኝ። የኛ ሥራ መፍታት ብቻ ነው።

እናቴን እሑድ ዕለት አነጋግሬያታለሁ። «ሎሚው እንዴት ነው?» ስላት «አብቧል፤ ነጭ በነጭ ሆኖልሃል፤ ንቡ አላስቀምጥ አለኝ» አለችኝ። የጠየቅኳት አባቴ ከጓሮ የተከለውን ሎሚ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ በምን ዓይኗ አየችው? ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ያችው እናቴ ናት ያነጋገረችኝ ወይስ ሌላ ሰው፣ ግራ ገባኝ። እንዳሉኝ አላወቅሁም ብዬ እቀጥላለሁ። ሰው በመጣ ቁጥር በወረቀት እያሳተምኩ የምልክላትን ፎቶ ግን ትቻለሁ። ለማታይ ሰው ፎቶ መላክ መሳለቅ መሰለኝ።

ሣጥኑን አጣሁት ጋሼ። ያ ዓይነት መኪና እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም። አብሮኝ የሚሠራው ሰው ሥዕልዎን አይቶ «ሣጥኑ ራሱ ነው የሚያፍናት፤ አውጥተው ይጣሉት» አለ። ስለዚህ የጫጫው ዘርአ ዳዊት በወሩ መጨረሻ ለዕረፍት ሲመጣ ሌላ ነገር እልክልዎታለሁ። ሾጣጣ ማጣሪያ ነው፤ ሲቆሽሽ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ነገር ተቀብቶ ይመለሳል። አብሮት ሰፋ ያለ ወፍራም ቱቦ አለ። ሣጥን የለውም፤ ሞተሩ አጠገብ ራቁቱን ነው የሚቀመጠው። ከሞተሩ ሙቀት የሚጋርደው ቆርቆሮ ያሠሩለት።

ልጅዎ ቃለ አብ


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቃለ አብ፤

ሰላምና ጤና ካንተ አይራቅ። ዕቃው በሰላም ደርሷል፤ ዘርአ ዳዊትንም አመስግነነዋል።

ስከፍተው ግራ ገባኝ። የጠየቅሁት ሣጥን ነው፤ የመጣው ቀይ ሾጣጣ ነገር ነው። እትዬህ «የማን መሶብ ክዳን ነው?» አለች። ኃይለኢየሱስ አሮጌውን ሣጥን ነቅሎ ሊወረውረው ሲል ከልክዬው፣ አጥቤ ዕቃ ቤት አስቀመጥኩት። የሠራ ነገር በአዲስ ነገር ምስክርነት ብቻ አይጣልም። ከዚያም ማጣሪያውንና ቱቦውን ገጠመ፤ በሞተሩ በኩል ቆርቆሮ አስቆምንለት። ሁለቱን በአንድ ቀን መቀየራችን ቅር ብሎኛል፤ ቢሻላት የትኛው እንዳሻላት አላውቅም። ኃይለኢየሱስን «ዛሬ ቱቦውን፣ ሳምንት ማጣሪያውን እንግጠም» ብለው «መምህር፣ መኪና ነው እንጂ ፈተና አይደለም እኮ» አለኝ። አስተምሬዋለሁ፤ ያኔም እንዲሁ ነበር።

ተሽሏታል። አሊዩ አምባ ወርጄ ስመለስ ያንን ጠመዝማዛ በሁለተኛ ማርሽ ወጣችው። ቱርቦው ቀድሞ ያልነበረው ቀጭን ፉጨት አለው። ከመለወጡ በፊት ሞተሩን አስነሥቼ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ነበር፤ ከሰል መስሎ ቀርቷል። አሁን የዘረጋሁት ዳመና እንኳ አይመስልም። ሁለቱንም ጨርቆች ለማነጻጸሪያ አስቀምጫቸዋለሁ።

እናትህ ዘንድ ኮፈኑን ከፍቼ እጇን ይዤ አስዳሰስኳት። «ይኼ ነው ልጄ የላከው?» አለች፤ ዙሪያውን ዳሰሰችው። «ከዚህ ጋር ሌላ አልመጣም?» አልመጣም አልኳት። እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ስለ ሌላ ነገር አወራችኝ። ለኅዳር ተዘጋጂ ብያታለሁ፤ እሺ ብላለች።

ስለ ወረቀትህ አልጻፍክልኝም።

አጎትህ ገብረ ጻድቅ


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቃለ አብ፤

እንደምን ሰነበትህ? መልስህን ሳልጠብቅ የምጽፍልህ ነገሩ ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ ነው።

ከሚካኤል ማግስት ውርጩ ገባ። ሣሩ በማለዳ ነጭ ሆኖ ይገኛል። መኪናዋም ያን ሰሞን ታመመች። ጫጫ ሜዳ ላይ እንኳ ጥቁር ጭስ ለቀቀች፤ ፉጨቱ ወደ ማቃሰት ተለወጠ። ኮፈኑን ከፍቼ ስመለከት ማጣሪያው ጠጉር አብቅሏል። በሌላ ቃል ልገልጸው ሞከርኩ፤ የለም። ግራጫና ጥቁር፣ ደቃቅ ጠጉር፣ ከተቀባው ዘይት ጋር ተላቁጦ እንደ ተቦካ ነገር ሸፍኖታል። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀብቼ መለስኩት። በማግስቱ ሌላ ጠጉር።

የበግ ጠጉር ይመስላል፤ ግቢዬ ውስጥ ግን በግ የለም። የከተማው መንገድ በግ የሚነዳበት ስለሆነ ከዚያ ይሆናል ብዬ፣ አጥቤ ከገጠምኩት በኋላ መኪናዋን ከግቢ ሳላወጣ አሳደርኳት። ጠዋት ጠጉር ነበረው። የጎረቤት ድመት ይሆን ብዬ የድመቷን ጠጉር አየሁ፤ ነጭ ናት። የአይጥ ጎጆ ፈለግሁ፤ የለም።

ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ የታመቀ ነው። ይህን ለስንት ዘመን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ብርዱ በበረታ ቁጥር መኪናዋ ልትበረታ ይገባ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ብርዱ ሲብስ እሷም ይብስባታል። ኃይለኢየሱስ ደግሞ «መምህር፣ ብርዱን ፈርታ ነው ጠጉር ያበቀለችው፤ እኛስ ካፖርት ለብሰን የለ?» እያለ ይስቃል። እትዬህ አልሳቀችም። «እውነቱን ነው፣ ብርዱ ነው፤ ምስኪን» ብላ አዘነችላት።

ዘመቻው ሊደርስ ነው። የምታውቀው ካለ ቶሎ ጻፍልኝ።

አጎትህ ገብረ ጻድቅ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገብረ ጻድቅ፤

ለእርስዎም ለእትዬም ጤናን እመኛለሁ። ማጣሪያ ጠጉር አያበቅልም ጋሼ። ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት፤ ሳቀ። ከዚያ ስልኬን ተቀብሎ በደብዳቤዎ ላይ የሣሉትን የባለ ጠጉሩን ማጣሪያ ሥዕል አየ፤ መሳቁን ተወ። «ማጣሪያው ራሱ እየተበጣጠሰ ይሆን?» አለ። አይደለም፣ እርስዎ ጠጉር ካሉ ጠጉር ነው አልኩት። የሁለታችንም ምሳ ቀዘቀዘ።

የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ታጥቦ ሲመለስ ደህና የምትሆን ከሆነ፣ ከመሄድዎ በፊት አጥበው በንጹሕ ማጣሪያ ይውረዱ። ለአንድ ቀን ከበቃን በቂ ነው። ጠጉሩን በኋላ እንደርስበታለን።

እናቴ እሑድ ዕለት ደህና ነበረች። ሎሚው ፍሬ ይዟል አለችኝ።

ልጅዎ ቃለ አብ


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቃለ አብ፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። የምጽፍልህ ደስ የሚል አይደለም፤ ቢሆንም እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

እንዳልከኝ ማጣሪያውን አጠብኩ፤ ቤት ውስጥ አደረቅሁ፤ በዘመቻው ዋዜማ አመሻሹ ላይ ኃይለኢየሱስ ገጠመው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንደ መጣበት ቀን ቀይ ነበር። በማለዳ ኪዳን አድርሼ ስመለስ እትዬህ በሩን ከፍታ፣ ስንቅ ቋጥራ ጠበቀችኝ። ያ ሌሊት ከከረሙት ሌሊቶች ሁሉ የከፋ ብርድ ነበር። ወደ አሊዩ አምባ ስወርድ ምንም አልታወቀኝም። ቁልቁል ማንኛዋም መኪና ደህና ናት።

እናትህ የክት ልብሷን ለብሳ ጠበቀችኝ። ወይዘሮ ሐሊማ እጇን ይዛ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠቻት፤ ለሚያይ ሰው ግን ሁለት ጎረቤታሞች የሚሰነባበቱ ነው የሚመስለው። መንገዱ ሽቅብ ሲጀምር መኪናዋ ተንገራገጨች። እናትህ «ጋሼ፣ ጭስ ሸተተኝ» አለች። ያልፋል አልኳት። ከጎረቤላ በታች ያለው ጠመዝማዛ ላይ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ቆመች። ከኋላ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ያንባርቃል። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ጠጉር። ከመቼውም የበዛ።

ማጣሪያውን አውጥቼ እንዲሁ ልንዳት አሰብኩ። የመንገዱ አቧራ ቱርቦውን እንደሚበላው ባውቅም፣ ለአንድ ቀን ይብላው አልኩ። እናትህ ግን ወስና ነበር። «ይመለሱ ጋሼ። ማኅደረማርያም አልወደደም ማለት ነው።»

«የሞተ ሰው አየር አይዘጋም» አልኳት።

«እርስዎ መምህር ነዎት። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ይላሉ። እንግዲያው ምክንያቱን ይንገሩኝና እንሂድ።»

ምክንያቱን አላውቀውም ነበር። ዞረን ወረድን። ደጃፏ ስንደርስ ለወይዘሮ ሐሊማ «ዘመዶቼ የሉም አሉኝ» አለቻት። ወይዘሮ ሐሊማም አመነች፣ ወይም እንዳመነች ሆነች፤ ይህንንም አላውቅም።

ዘመቻው አልፏል። በመጋቢት ሌላ ይኖራል ብለዋል፤ አስመዝግቤያታለሁ። እሷ ግን አልመጣም ብላለች። ከእንግዲህ ለመኪናዋ ምንም ዕቃ አትላክ።

አጎትህ ገብረ ጻድቅ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገብረ ጻድቅ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍ መቆየቴን ይቅር ይበሉኝ። በዚህ መሀል ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ዛሬ እዚህ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ውርጭ ነው። ባልደረባዬ መኪናውን ሲያቆም ከግድግዳ የኤሌክትሪክ ገመድ ስቦ ሞተሩ ውስጥ ሰካ። ምንድን ነው ብለው «ማሞቂያ፤ ሞተሩ እንዳይበርደው» አለኝ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር እርስዎ ቤት ያደርንባቸው ቀናት ትዝ አሉኝ። አባቴ ማታ ከመግባቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የቀዘቀዘው ሞተር ላይ ባና ያለብሰው ነበር፤ ያንን የመንዝ የበግ ጠጉር ባና፣ ሲነኩት የሚያሳክከውን። ጠዋት ገፎ አራግፎ ያጥፈዋል። እኔ ከኮፈኑ ሥር እንደ ሕፃን ተሸፍና የምታድር መስሎኝ እቀና ነበር።

ያኔ ማጣሪያው ሣጥን ውስጥ ነበር፤ አየር የሚስበውም የጎማው መከለያ ከሆነው ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው። ባናው ሊነካው አይችልም። እኔ የላክሁት ግን ራቁቱን ነው፤ ያውም ዘይት የተቀባ።

ያ ባና አሁን የት ነው ያለው ጋሼ?

ልጅዎ ቃለ አብ


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቃለ አብ፤

ጤናና ሰላም ላንተ ይሁን። ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል። ደብዳቤህን ሮዳስ ያመጣችልኝ ከበዓሉ ማግስት ነው። የመጨረሻውን ጥያቄህን ለእትዬህ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።

«የት ይሆናል፣ መኪናዋ ላይ ነዋ» አለች።

ውይይታችንን እንዳለ እጽፍልሃለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ውርጭ ከገባ። ማኅደረማርያም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታሞ እዚህ ሲተኛ ‹መኪናዬን ብርድ አታስመቱብኝ› ብሎኝ አልነበር? አከፋፈቱንም ያሳየኝ እሱ ነው።»

«እኔ እንዴት ሳላይ ቀረሁ?»

«ማታ ለደረትዎ ሲሉ በጊዜ ይገባሉ። ጠዋት ኪዳን ሲሄዱ እገፈዋለሁ። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።»

«ያ ባና ብቻ ነው?»

«ብርዱ ነው ያማት ስትሉ የአልጋችንን ጨመርኩላት» አለች። «ለቃለ አብ እናት የሚሄዱ ለት ሁለቱንም ደርቤ ነው ያሳደርኳት፤ መንገድ አይደል ብዬ።»

አልጋችን በኅዳር ለምን እንደ ቀዘቀዘ ያን ጊዜ ገባኝ። እንዲያውም እርጅና ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ብላት «መች ጠየቁኝ? እርስዎ የሚጠይቁት ኃይለኢየሱስን ነው» አለችኝ።

ያም ሆኖ አንድ ሰው ስለ ተናገረ ብቻ አልተቀበልኩም። ማጣሪያውን አጥቤ ያለ ባና አሳደርኳት፤ ጠዋት ንጹሕ። ደግሜ አሳደርኳት፤ ንጹሕ። ከዚያ እትዬህ አለበሰቻት፤ ጠጉር። ኃይለኢየሱስ ይህን ሲያይ የመኪናው ጎማ ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። እትዬህ ግን አለቀሰች። ለምን እንደምታለቅስ ጠይቄያት ስለ አልታየች መሆኑን ነገረችኝ።

አሁን እንዲህ አድርገናል። አሮጌውን ሣጥን ከዕቃ ቤት አወጣሁ። ስንጥቁን ቆርቆሮ ሠሪው በቆርቆሮ ለበጠልኝ፤ አፉን አስፍቶ አዲሱን ሾጣጣ ማጣሪያ ከውስጡ አስገባነው። አየር የሚስበው እንደ ጥንቱ ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው፤ ቱቦው ግን አዲሱ ሰፊው ነው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ለየብቻቸው መሆናቸው ነው ስሕተቱ። እትዬህ ከፈለገች ባናውን መልሳ ማልበስ ትችላለች ብያታለሁ። ለጊዜው አልደፈረችም።

ቀሪው እናትህን ማሳመን ነው። እንዴት እንደማደርገው አላውቅም።

አጎትህ ገብረ ጻድቅ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገብረ ጻድቅ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎን ሳነብ እየሳቅሁ ነበር፤ ከዚያ ሳቁ የት እንደ ሄደ አላውቅም። እትዬን አያልቅሱ ይበሉልኝ። ሣጥን ስባል ሾጣጣ የላክሁ እኔ ነኝ።

እናቴ ምክንያቱን ንገሩኝ ብላዎት አልነበር? እንግዲህ ተገኝቷል። ባናውን ይዘው ይውረዱና ይንገሯት። አባቴ እንዳልከለከለ ከእጅዎ ትቀበል።

ልጅዎ ቃለ አብ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቃለ አብ፤

አምላክ የልፋትህን ይክፈልህ። በአንድ ትንፋሽ ልንገርህ፤ እናትህ ታያለች። አሁን ደግሞ በቅደም ተከተል።

ዘመቻው ሲቃረብ ባናውን ይዤ ወረድኩ። ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋት፤ ሣጥኑን፣ ሾጣጣውን፣ የአመተ ማርያምን ነገር። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ባናውን በጣቶቿ እየነጨች «እኔማ ይህን ምንም ያህል ባጥበው ጠጉሩን እንደማይተው አውቅ ነበር» አለች። «ስጠይቅዎ ጠጉር ነው ቢሉኝ ኖሮ እነግርዎ ነበር። የሞተ ሰው አየር አይዘጋም ብቻ አሉኝ።» እውነት ነው፤ ኮፈኑን ከፍቼ ያየሁትን ጠጉር አልነገርኳትም ነበር። ማየት የማትችለውን ነገር ምን ያደርግላታል ብዬ ነው።

ባናውን ታቅፋ ተሳፈረች። ጠመዝማዛውን በሁለተኛ ማርሽ ወጣን። ጎረቤላ ስንደርስ «ቆመች እንዴ?» አለችኝ። አልፈነው ነበር።

አንደኛው ዓይኗ ተሠርቷል፤ ሁለተኛው በሚቀጥለው ይሠራል። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ብዙ ካየችኝ በኋላ «ጋሼ፣ አርጅተዋል» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ ሐኪሙ ከመራቁ «ቃለ አብ ያውቃል አይደል?» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ብላት «ማጣሪያውን ሲልክ ፎቶ አልላከም» አለች። «ሰው መጥቶ ፎቶ የቀረበት ጊዜ የለም። ያን ዕለት ማጣሪያውን ዳስሼ፣ ሌላ አልመጣም ሲሉኝ አወቅሁ።» እንግዲህ ያን ጊዜ ሁሉ አንተም ታውቅ ነበር፣ እሷም ማወቅህን ታውቅ ነበር፤ በየሳምንቱም ስለ ሎሚ ታወራላችሁ። ይህን አሁንም በደንብ አልገባኝም።

ትናንት ቤቷ መለስኳት። ቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ሎሚው የለም። ማለት፣ ግንዱ አለ፤ ከደረቀ ቆይቷል፤ የልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮበታል። ወይዘሮ ሐሊማ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ነበር። እናትህ «ሐሊማ፣ አብቧል አላልሽኝም?» አለቻት።

«ወላሂ ምን ላድርግ እህቴ፣ በየማለዳው ትጠይቂኛለሽ» አለች።

«ንቡንስ?»

«ንቡን እኔ አላልኩም።»

እናትህ ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች ግንዱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ወይዘሮ ሐሊማም አጥሩን ዞራ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ።

ስለ ወረቀትህ ጠይቄህ ነበር፤ አልመለስክልኝም። ከእንግዲህ አልጠይቅህም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ፎቶ ላክላት። የቆየ አይሁን። የአሁኑን፣ እንዳለህ። እኔን ያየችኝን ያህል ታይሃለች፤ ተዘጋጅ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እሷ ቤት ነው። ሎሚው አብቧል ብለው ይጻፉልኝ አለችኝ። ያልሆነውን አልጽፍም አልኳት። «እንግዲያው እሷ ብላለች ብለው ይጻፉ» አለችኝ። ይህ ልክ ነው፤ ብላለችና።

እናትህ ሎሚው አብቧል ብላለች።

አጎትህ ገብረ ጻድቅ